ጨዋታው የማን ነው? ቴትሪስ፣ ሞስኮና የአንዲት ፊርማ ዋጋ

አማርኛ «ጨዋታ» የምትለዋን ቃል ብዙ ያሸክማታል። ኳስ ጨዋታ ነው፤ ገበጣ ጨዋታ ነው፤ ቡናው እስኪፈላ የሚወራውም ጨዋታ ነው። ወሬው የሚጥም ሰው ስናገኝ «ጨዋታ አዋቂ ነው» ብለን እናከብረዋለን። አንድን ነገር ልናጣጥል ስንፈልግ ደግሞ ወደዚያችው ቃል እንመለስና «የልጅ ጨዋታ» እንለዋለን።

ስለ ቪዲዮ ጌም የምሰማቸው አስተያየቶችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ማኪያቶ ቀርቦ ወሬው ከኑሮ ውድነት ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ልጆች ሲዞር አንዱ «ጌም ጊዜ መግደያ ነው» ይላል። ሌላው ይቀበልና «ተዋቸው ይጫወቱ፣ ቢያንስ ፖለቲካ የለበትም» ይላል። በመጀመሪያው ብዙም አልከራከርም፤ ጊዜ የማይገድል ነገር ጥራ ብባል እኔም ይቸግረኛል። ሁለተኛው ግን አይዋጥልኝም።

የማይዋጥልኝ ጦርነት የሚያሳዩና ባንዲራ የሚያውለበልቡ ጌሞች ስላሉ አይደለም። ያንንማ ማንም ያየዋል። እኔ ተቃራኒውን ልውሰድ፤ ሰው የሌለበት፣ ጠመንጃ የሌለበት፣ አንድ ቃል እንኳ ሳያነቡ የሚጫወቱት ጌም። ቅርጾች ከላይ ይወርዳሉ፤ እያዞራችሁ ታሰካካላችሁ። መስመሩ ሲሞላ ይጠፋል፤ ካልሞላ ይቆለላል። ቁልሉ ጣሪያ ሲነካ አበቃ። ቴትሪስ ማለት ይኸው ነው። ፖለቲካ የማይነካው ጌም ቢኖር እሱ መሆን ነበረበት። ታሪኩን ስታዩት ግን ለምን በነፃ እንደተሰራጨ፣ ማን እንደሸጠው፣ ማን እንደበለጸገበትና ማን ባዶ እጁን እንደቀረ የወሰነው ፖለቲካ ነው።

(ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሞስኮ፣ 1984

አሌክሲ ፓዢትኖቭ በሶቪየት ኅብረት የሳይንስ አካዳሚ የኮምፒውተር ማዕከል የሚሠራ ወጣት ተመራማሪ ነበር። ደመወዝ የሚበላበት ሥራ ኮምፒውተር የሰውን ንግግር እንዲለይ ማድረግና ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚመለከት ነው። እንቆቅልሽ ግን ይወዳል፤ የሚወደውንም በመሥሪያ ቤቱ ማሽን ላይ ይሞክራል። ፔንቶሚኖ የሚባል መጫወቻ ነበረ፤ እያንዳንዳቸው ከአምስት ካሬ የተሠሩ 12 ቅርጾችን ሣጥን ውስጥ ማሰካካት ነው። ፓዢትኖቭ ይህን ወደ ኮምፒውተር ሊያመጣው ሲሞክር 12 ቅርጽ በዛበት። አምስቱን ካሬ ወደ አራት ሲያወርደው ቅርጾቹ ሰባት ሆኑ። «ቴትራ» በግሪክ አራት ነው፤ ከሚወደው ቴኒስ ጋር አዳቀለውና «ቴትሪስ» አለው።

ማሽኑ ኤሌክትሮኒካ 60 ይባላል፤ የአሜሪካ ኮምፒውተር ተመስሎ ሶቪየት ውስጥ የተሠራ ነው። ሥዕል ማሳየት አይችልም፤ የሚያውቀው ፊደልና ምልክት ብቻ ነው። ስለዚህ ካሬውን በቅንፍ ሠራው፤ አንድ ክፍት፣ አንድ ዝግ። ቀለም የለ፣ ድምፅ የለ። መጀመሪያ ላይ ስክሪኑ በጥቂት ሰከንድ እየሞላ አስቸገረው። ከዚያ የሞላ መስመር ከዚያ ወዲያ ምንም እንደማይጠቅም አስተዋለና እንዲጠፋ አደረገው። የጌሙ ነፍስ ያቺ ናት።

ባልደረባው ድሚትሪ ፓቭሎቭስኪና የ16 ዓመቱ ተማሪ ቫዲም ጌራሲሞቭ ተጨመሩበት፤ ጌሙ ወደ አይቢኤም ፒሲ ተሻገረ፣ ቀለምም አገኘ። ከዚያ በኋላ ማንም ሊያቆመው አልቻለም። በፍሎፒ ዲስክ ከቢሮ ቢሮ ሞስኮን አዳረሰ። አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ወዳጁ ወደ መሥሪያ ቤቱ ወስዶ ቢያሳያቸው ሰው ሥራውን ጥሎ ቴትሪስ ላይ ተተከለ፤ ባለሙያው ዲስኮቹን ሰብስቦ ለማጥፋት ተገደደ።

ሁሉም ያገኘው በነፃ ነው። «ፍላሽ ላይ ገልብጥልኝ» እየተባባልን ላደግን ሰዎች ይህ ብርቅ አይሆንብንም፤ ምክንያቱ ግን የተለየ ነው። ፓዢትኖቭ መሸጥ ቢፈልግም አይችልም ነበር። የግል ንግድ የለም፤ ጌሙ የተሠራው በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በመንግሥት ኮምፒውተር፣ በመንግሥት ደመወዝ ነው። በዚያው ዓመት መስከረም አዲስ አበባ ላይ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበርና ኢሠፓ ሲመሠረት የነበራችሁ፣ ወይም ትርፍ ቤታቸው የተወረሰባቸው ወላጆች ያሏችሁ፣ ነገሩ ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልጋችሁ አይመስለኝም። ከላይ የሚሠራውን ዕቅድ ባታውቁት እንኳ «የመንግሥት ነው» የሚለው ቃል ክርክር እንዴት እንደሚዘጋ ታውቃላችሁ።

ሳይገዙ መሸጥ

በ1986 ሮበርት ስታይን የሚባል፣ ሃንጋሪ ተወልዶ ለንደን የሚሠራ የሶፍትዌር ነጋዴ ቡዳፔስት ውስጥ ጌሙን አየው። ራሱ ሞክሮ መላቀቅ ሲያቅተው ገበያ እንዳለው ገባው። ወደ ሞስኮ ቴሌክስ ላከ። ከኮምፒውተር ማዕከሉ የመጣው መልስ ፍላጎት እንዳላቸው የሚገልጽ፣ በጎ ግን ጥቅል መልስ ነበር። ስታይን ያንን እንደ ስምምነት ቆጠረው። አንዲት ፊርማ በእጁ ሳይገባ ጌሙን ለእንግሊዙ ሚረርሶፍትና ለአሜሪካው ስፔክትረም ሆሎባይት ሸጠ። ሁለቱም ኩባንያዎች የጋዜጣው ከበርቴ የሮበርት ማክስዌል ነበሩ።

የአሜሪካው ቅጂ በቀይ ሣጥን ተሽጎ፣ የሞስኮው የቅዱስ ባሲል ካቴድራል ተሥሎበት ወጣ። ጌሙ ውስጥ ሩሲያ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ነጋዴዎቹ ናቸው ያስገቡት። ቀዝቃዛው ጦርነት በገፋበት ዘመን «ከብረት መጋረጃው ጀርባ የመጣ» መባሉ ገበያ ነበረው። «ፖለቲካ የለበትም» የተባለው ጌም የሚሸጠው በፖለቲካው ነበር ማለት ነው። በኋላ በጌምቦይ ላይ ሲወጣ ደግሞ «ኮሮቤይኒኪ» የተባለው የሩሲያ ዘፈን ዜማ ተገጠመለት። ዘፈኑ ስለ ሱቅ በደረቴ ነጋዴ ነው። ሠሪው እንዳይሸጠው የተከለከለ ጌም የነጋዴ ዘፈን ይዞ ዓለምን ዞረ።

ከመሸጫው በኋላ ሌላ ሰው ብቅ አለ። ሶቪየት ውስጥ ሶፍትዌርና የኮምፒውተር ዕቃ ወደ ውጭ የመሸጥ መብት ያለው ኤሎርግ የሚባል የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር። ኤሎርግ ነገሩን ሲደርስበት የስታይን ሽያጭ ሁሉ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተደረገ መሆኑ ወጣ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በ1988 ውል ተፈራረሙ፤ ለኮምፒውተር ብቻ። ጌሙ ግን ሮጦ ቀድሟቸዋል። ከሚረርሶፍት ወደ አታሪ ጌምስ፣ ከእነሱ ደግሞ ወደ ጃፓን እየተሸጋገረ ስታይን ራሱ ያልገዛው መብት ሁሉ ይቸበቸብ ነበር። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

አንድ ሳምንት፣ ሦስት እንግዶች

ፌብሩዋሪ 1989 ሄንክ ሮጀርስ የሚባል ሰው በቱሪስት ቪዛ ሞስኮ ገባ። ሆላንድ ተወልዶ፣ አሜሪካ አድጎ፣ ጃፓን ውስጥ ጌም የሚያሳትም ሰው ነው። ኒንቴንዶ በቅርቡ ሊያወጣው ላሰበው በእጅ የሚያዝ ጌምቦይ የቴትሪስን መብት ይፈልጋል። ቀጠሮ የለውም፣ ኤሎርግን የሚያውቅ ሰውም የለውም። ጠያይቆ አገኘውና ሳይጠራ ገባ። በዚያው ሰሞን ስታይንም መጥቷል። የማክስዌል ልጅ ኬቪን ማክስዌልም መጥቷል። አንዱ የሌላውን መምጣት አያውቅም። ሦስቱንም በየተራ የሚያነጋግረው የኤሎርጉ ኒኮላይ ቤሊኮቭ ነው።

ሮጀርስ በጃፓን የሚሸጠውን፣ በቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ የኒንቴንዶ ካርትሪጅ አውጥቶ አሳየ፤ ሥራውን ያስመሰክርልኛል ብሎ ነው። ቤሊኮቭ ደነገጠ። ለቴሌቪዥን ማጫወቻ ለማንም መብት አልሰጠንም አለ። ሮጀርስ ከማክስዌል ወገን በተሸጋገረለት መብት ሕጋዊ ነኝ ብሎ ያምን ነበር። ሳይደብቅ የመብቱን ሰንሰለት በሙሉ ዘርዝሮ ተናገረ፤ ለተሸጠውም ድርሻችሁ ነው ብሎ ቼክ ጻፈ። ቤሊኮቭ ያንኑ ካርትሪጅ ለኬቪን ማክስዌል ሲያሳየው ግን ኬቪን የተሰረቀ ቅጂ መሆን አለበት አለ። የገዛ ኩባንያው ስም ሣጥኑ ላይ ነበረ። የቴሌቪዥኑ መብት በእጃችን ነው ብሎ የመከራከር ዕድሉን በዚያች መልስ አበላሸው።

ስታይን ላይ የሆነው ይብሳል። ቤሊኮቭ ማሻሻያ ውል አቀረበለት። ውስጡ ክፍያ ለሚዘገይበት ቀን ከባድ ቅጣት አለ፤ ስታይን ዓይኑን እዚያ ላይ ተክሎ ተከራከረ። ሌላ ቦታ ላይ «ኮምፒውተር» የሚለው ቃል ትርጉም ገብቶ ነበር፤ ፕሮሰሰር፣ ሞኒተር፣ ዲስክ ድራይቭ፣ ኪቦርድና ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያለው መሣሪያ የሚል። ኪቦርድና ዲስክ ድራይቭ የሌለው የኒንቴንዶ ማጫወቻ በአንድ ዐረፍተ ነገር ከስታይን እጅ ወጣ። ፈረመ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? ስታይን በቃል ያለውን ሲሸጥ ከረመ፤ ቤሊኮቭ በጽሑፍ ወረሰው።

ማርች ላይ የኒንቴንዶ ኃላፊዎች ሚኖሩ አራካዋና ሃዋርድ ሊንከን ሞስኮ መጥተው የቴሌቪዥን ማጫወቻውን መብት ፈረሙ። የጌምቦዩን ሮጀርስ ቀድሞ ጨርሶታል።

ማክስዌል ዝም የሚል ሰው አልነበረም። የዴይሊ ሚረር ባለቤት ነው፤ የሶቪየት ባለሥልጣኖችን በስም እየጠራ የሚያነጋግር ነው። አቤቱታውን እስከ ጎርባቾቭ አደረሰው። ቤሊኮቭ ላይ ከበላይ አካል ጫና መጣበት፤ ውሉ ግን አልተነቀነቀም። አሜሪካም ውስጥ የአታሪ ጌምስ ንዑስ ኩባንያ ቴንጀን የራሱን ቴትሪስ ለኒንቴንዶ ማጫወቻ አውጥቶ ነበር። ጁን 1989 የካሊፎርኒያ ፌዴራል ዳኛ ፈርን ስሚዝ ሽያጩን አገዱ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካርትሪጆች መጋዘን ተቆለፈባቸው። እስቲ አስቡት፤ አንድ የሞስኮ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስለ ኪቦርድ የተጻፈች አንቀጽ ናት ለዚህ ሁሉ መነሻዋ።

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልበል። ስለ ሶቪየት ቢሮክራሲ የምንሰማው ሁሉ ቀርፋፋና ደንቆሮ እንደነበረ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ውሉን በሥርዓት ያነበበው ሰው ያ ቢሮክራት ነው። የገበያ ሊቃውንት የተባሉት ግን ያልገዙትን ሸጡ፣ የፈረሙትን አላነበቡም። ስለዚህ ነው ይህን ታሪክ «ጨካኝ መንግሥት፣ ነፃ ገበያ» በሚል ሚዛን ብቻ መስፈር የሚከብደኝ። በ2023 የወጣው «ቴትሪስ» የተባለው ፊልም ነገሩን ወደ ስለላና የመኪና ማሳደድ ወስዶታል። እውነተኛው ታሪክ ጠረጴዛና ወረቀት ነው፤ ለእኔ ያ ይበልጥ ያስፈራል።

ላም አለኝ በሰማይ

ጌምቦይ በ1989 ወጣ፤ አሜሪካ ውስጥ ከነቴትሪሱ በአንድ ሣጥን ተሸጠ። የጌምቦዩ ቴትሪስ ብቻውን ወደ 35 ሚሊዮን ቅጂ ሄዷል። በ1993 ኮስሞናውት አሌክሳንደር ሴሬብሮቭ ጌምቦዩን ከነጌሙ ይዞ ወደ ሚር የጠፈር ጣቢያ ወጣ።

ፓዢትኖቭስ? በእነዚያ ድርድሮች ላይ ተቀምጧል፤ ከሮጀርስም ጋር ወዳጅነት የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። ከሽያጩ ግን ድርሻ አልነበረውም። የጌሙን መብት ለ10 ዓመት ለመንግሥት ትቶ ነበር። «ትቶ ነበር» ስል ሌላ ምርጫ እንደነበረው አታስቡ፤ ከመንግሥት ጋር ልሟገት ማለት ጌሙ ጭራሽ እንዳይወጣ ማድረግ ነበር። እሱ የፈለገው ሰው እንዲጫወትበት ነው። ሰዉ ተጫወተበት፤ ወተቷን ግን አላየም።

በ1991 ወደ አሜሪካ ሄደ። በዚያው ዓመት ሶቪየት ኅብረት ፈረሰች። ማክስዌልም በዚያው ዓመት ከጀልባው ወድቆ ባሕር ውስጥ ሞተ፤ ከሞቱ በኋላ የሠራተኞቹን የጡረታ ገንዘብ ሲጠቀምበት እንደነበረ ታወቀ። መንግሥቱ ሲፈርስ ኤሎርግ አልፈረሰም፤ የግል ኩባንያ ሆኖ መብቱን ይዞ ቀጠለ። የሕዝብ ነው ተብሎ ከሠሪው የተወሰደው ነገር ሥርዓቱ ሲቀየር ወደ ሠሪው አልተመለሰም፤ ወረቀቱ በእጁ ለነበረው ሰው ቀረ። ይህን ለማየት ሞስኮ ድረስ መሄድ የሚያስፈልገን አይመስለኝም።

በ1996 አሥሩ ዓመት ሲያልቅ ፓዢትኖቭ ከሮጀርስ ጋር የቴትሪስ ኩባንያን አቋቋሙ፤ ጌሙ ከተሠራ ከ12 ዓመት በኋላ የድርሻውን ማግኘት ጀመረ። ያ የ16 ዓመት ልጅስ? ጌራሲሞቭ ራሱ በኋላ እንደጻፈው መብቱን ለፓዢትኖቭ የሚለቅ ወረቀት ፈርሞ ነበር። ስለ ፊርማ ምን ያውቃል፤ ልጅ ነው። ስለዚህ በዚህ ታሪክ የተበደለው ሰውም ከእሱ በታች ሌላ ሰው ነበረው።

እኛ ዘንድ

እኔ ቴትሪስን ያወቅኩት ስሙን ሳላውቅ ነው። በ1980ዎቹ ማብቂያ፣ በእኛው አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሰፈራችን ውስጥ ብሪክ ጌም የምንላት ግራጫ ስክሪን ያላት መጫወቻ ገብታ ነበር። በሺዎች የሚቆጠር ጌም አላት ተብሎ ሣጥኗ ላይ ተጽፏል፤ ዞሮ ዞሮ የምንጫወተው ያንኑ የሚወርደውን ጡብ ነው። ተራ እንጠብቃለን፣ በነጥብ እንጣላለን፣ ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። የፓዢትኖቭ ስም የትም አልነበረም። አንድ ሰው ሠርቶታል ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አንድም አልነበረም፤ እንደ ገበጣ ከጥንት የመጣ ነገር ይመስለን ነበር።

ዛሬ ግን ከእነዚያ ልጆች ጥቂቶቹ ራሳቸው ይሠራሉ። አፕሊኬሽን የሚጽፉ፣ ጌም የሚሞክሩ፣ ለመሥሪያ ቤታቸው የክፍያና የመዝገብ ሥርዓት የሚገነቡ ወጣቶችን አውቃለሁ። አንዱ በተቀጠረበት ቦታ፣ ማንም ሳያዘው፣ ማታ ማታ እየቆየ አንድ ፕሮግራም ሠራ። ሥራ የሚያቀል ነገር ነበር። አለቆቹ ወደዱት፤ ከዚያ ለሌሎች መሥሪያ ቤቶች ሸጡት። ድርሻዬስ ቢል «በማን ላፕቶፕ ነው የሠራኸው?» አሉት። ይህችን ጥያቄ ስሰማ ኤሌክትሮኒካ 60 ነው የታወሰኝ። ሶሻሊዝም ሄዷል፤ ጥያቄው ግን አልሄደም።

የእኛም ሕግ በዚህ ላይ ዝም አላለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህኛው ዓ.ም. ነው) የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍና እንደ ሙዚቃ የሚጠበቅ ሥራ አድርጎ ይቆጥረዋል። ተቀጣሪ በሥራው ምክንያት የሠራው ነገር ግን፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የመብቱ የመጀመሪያ ባለቤት አሠሪው ነው። ብዙ የገበያ ኢኮኖሚ አገሮችም እንዲሁ ነው ሕጋቸው። ፓዢትኖቭ ለአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ተቀጥሮ ቴትሪስን በሥራው ላይ ቢሠራው ኖሮ ምናልባት 12 ዓመት ጠብቆ እንኳ አያገኘውም ነበር። ልዩነቱ «ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር» የምትለዋ ሐረግ ላይ ነው። ሞስኮ ውስጥ ለመስማማት የሚቀመጥ ሁለተኛ ወገን አልነበረም፤ መንግሥት ብቻ ነበር። እዚህ፣ ቢያንስ በወረቀት፣ አለ። ግን ከመሥራት በፊት መጠየቅን ማን ያስተምራል? ኮድ መጻፍ የሚያስተምሩ ቦታዎች በየሰፈሩ ተከፍተዋል፤ ውል ማንበብ የሚያስተምር አላየሁም። ያ ልጅ ሲቀጠር የፈረመውን ወረቀት እንዳላነበበው ነግሮኛል፤ ሁላችንም ያለማንበብ ፈርመናል የሚል መጽናኛ አልሰጠሁትም። ቀጣዩን ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ገጽ ደብዳቤ እንዲያጽፍ ነው የመከርኩት፤ ጻፈ፣ ተቀበሉትም።

ወደ ማኪያቶው ክርክር ስመለስ እንግዲህ መልሴ ይኸው ነው። አንድ ጌም ውስጥ ፖለቲካ መኖሩን ለማወቅ ስክሪኑን ማየት አይበቃም። ማን ሠራው፣ በማን ዕቃ ሠራው፣ ማን ፈረመ፣ ማን አነበበ ብሎ መጠየቅ ነው። ልጆቹ ይጫወቱ፤ እኔም እጫወታለሁ። ቴትሪስን ዛሬ ስልካችሁ ላይ ብታወርዱት ሲከፈት ግርጌው ላይ በትንንሽ ፊደል የባለመብቱ ስም ተጽፎ ታገኛላችሁ። ልጆቹ ያን መስመር ዘልለው «ጀምር» የሚለውን ከመንካታቸው በፊት አንዴ ጮክ ብለው እንዲያነቡት አድርጉ።